ከል የለበሰው ፊልም

ባለፈው ሰኔ የአቶ ደምሴን ለቅሶ ልደርስ መቱ ሄጄ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት፤ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ገና ቁጭ ከማለቴ ግን ደሜ ፈላ። ከድንኳኑ ጫፍ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ አቶ ደምሴ በሕይወት እንዳሉ ይታያሉ። በልጃቸው ሠርግ ላይ ሲጨፍሩ፣ የልጅ ልጃቸውን ኬክ ሲያጎርሱ፣ ቡና ማሳቸው መሀል እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው ሲንጎማለሉ። ለቀስተኛው አንዴ ወደ ስክሪኑ፣ አንዴ ወደ መሀረቡ ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጠጋ ብሎ፣ «ልጆቻቸው ደግ አደረጉ፤ ማስታወሻ ነው» አለኝ።

ማስታወሻ! እኚህ ሰው የእድራችን ዳኛ ሳሉ የእኔን እናት ማስታወሻ በእድሩ ጓሮ፣ የድግስ ድስት በሚጣድበት ጉልቻ መሀል አስቃጥለዋል። ሰው ምን ይለኛል ብዬ እንጂ ተነስቼ እወጣ ነበር። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ የአቶ ደምሴን ጭፈራ እስከ መጨረሻው ተመለከትኩ።

ነገሩ የሆነው አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምቱ የገባ ጊዜ ነው። ደርግ ከወደቀ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ በሁለት ቋንቋ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ይጫወታል፣ በሁለት ቋንቋ ይሳደባል፣ ሲመታ ግን በአንድ ድምፅ ነው የሚያለቅሰው። አባቴ ሾፌር ነበር፤ ከመቱ ቡሬ፣ ከቡሬ ጎሬ፣ አንዳንዴም ጋምቤላ ድረስ ዕቃ ይጭናል። ቤት የምንውለው እኔና እህቱ፣ እትዬ አስካለ፣ ነበርን። እናቴ የሞተችው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ስለሆነ ያሳደገችኝ እትዬ አስካለ ናት። ይህን ውለታዋን አልክድም። ከዚያ ውጪ ያለውን ግን እነግራችኋለሁ።

የእናቴን ፊት አላውቀውም ነበር። ፎቶ ጠፍቶ አይደለም። የአርባዋ ዕለት እትዬ አስካለ ቤቱን ዞራ፣ እናቴ ያለችበትን ፎቶ ሁሉ ለቅማ ቀዳድዳ ጣለችው። «ልጅቷ እያየች ሆድ እንዳይብሳት» ተባለ። በእኛ ዘንድ ይህ ደግነት ነው። ጎረቤት ሁሉ ተማክሮ ስሟን መጥራት ተወ፤ የሺ የምትባል ሴት እዚያ ቤት ያልኖረች፣ ያልወለደች፣ ያልሞተች ሆነች። የሠርጋቸው ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ግድግዳ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ ቀርቶ ስለነበር እትዬ አስካለ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለችበት። እኔ ብቻዬን ስሆን የቀን መቁጠሪያውን ገለጥ አድርጌ ያን ነጭ ቦታ አያለሁ። ስጠይቅ የማገኘው መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ለአንቺ ብለን ነው።»

ከቤታችን ፊት ለፊት ጋሽ ባርጋ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ከጉራጌ አገር በጉርምስናቸው መጥተው መቱ ላይ የሸበቱ፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይወርድ፣ ቁጡና ጉረኛ ሰው ነበሩ። አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ ካኪ፣ ለሐዘንተኛ የሚሆን ጥቁር ጨርቅ፣ ሁሉም አላቸው። ግን «ነጋዴው» ያላቸው ሰው ወዮለት። «እኔ ሲኒማ ሠሪ ነኝ፤ ጨርቁ ለእንጀራ ነው» ይሉ ነበር። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አንድ የውጭ አገር የቡና ባለሙያ አገር ለቆ ሲሄድ ትንሽ የፊልም ካሜራና ማሳያ ማሽን ትቶላቸው ነበር። ካሜራዋ መዳፍ ትሞላለች። እንደ ደወል ሰዓት በቁልፍ ትጠመዘዛለች፤ ስትለቀቅ ትርርር እያለች ፊልሙን ትውጣለች። የተቀዳውን ፊልም አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጃቸው ወደ ውጭ ልኮ ያሳጥብላቸዋል፤ ከወራት በኋላ ታጥቦ፣ ጎን ለጎን ሁለት ረድፍ የተቀዳ ነውና ከመሀል ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ከጫማ ማሰሪያ ብዙ የማይሰፋ ሆኖ ይመጣል።

ዝናብ ያገደን እሁድ ከሰዓት ጋሽ ባርጋ የሱቁን በር ዘግተው፣ ቁራጭ አቡጀዲ ግድግዳ ላይ ወጥረው እኛን ልጆቹን ያሳዩን ነበር። እንደዚያ ያለ ፊልም በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። የመቱ ሰው በሙሉ ተገትሮ ነው ያለው! ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ተደርድሮ፣ እጁን ከጭኑ ጋር አጣብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ ካሜራው ላይ ያፈጣል። የሚንቀሳቀሰው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ዶሮ ብቻ ነው። አንዴ አንድ ውሻ እያዛጋ ሲያልፍ እልል ብለን አጨበጨብን።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ለምንድነው የማይንቀሳቀሱት?» አልኳቸው አንድ ቀን። ክርና ቁልፍ ልገዛ ተልኬ ነው።

«ደንቆሮ ስለሆኑ ነዋ!» አሉ። «'ተራመዱ፣ አውሩ፣ ሳቁ' እላቸዋለሁ፤ ፎቶ መስሏቸው ይገተሩልኛል። ስንቱን ፊልም በሉብኝ! በዚህ ሰፈር ካሜራ ፊት የተንቀሳቀሰ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሷም እናትሽ ናት።»

«ባርጋ!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። ሚስታቸው እትዬ ፋንታዬ ናቸው።

«ምን አጠፋሁ? እናት የላትም እንዴ ልጅቷ? ከቅርንጫፍ ላይ ነው የተሸመጠጠችው?»

እትዬ ፋንታዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጥተው፣ «የሰው ልጅ ሐዘን አትቀስቅስ፣ አስካለ ትሰማለች» እያሉ ለመኗቸው። ጋሽ ባርጋ የተከለከሉትን ነገር ማድረግ ደስ ይላቸዋል። ወደ መደርደሪያው ወጥተው፣ ከጣቃዎቹ ኋላ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለች የከረሜላ ቆርቆሮ አወረዱ። እንደ ነገሩኝ፣ እኔ ገና እየታዘልኩ ሳለ፣ የጥምቀት ዕለት ታቦት ሸኝተው የሚመለሱትን የሰፈሩን ሴቶች ሱቃቸው ፊት አሰልፈው ቀድተዋቸው ነበር። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ተገተሩ። እናቴ ግን አዝላኝ ነበርና እኔ ፀጉሯን ሳብኩት፤ ዞር ብላ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ወደ ላይ ፈንጠር አድርጋ አስተካከለችኝ። ፊልሙ ሳይላክ አዲስ አበባ ያለው ወዳጃቸው አገር ለቆ ወጣ፣ መንግሥትም ተለወጠ፤ እናቴም በዚያው ዓመት ሞተች።

«ልክፈተው?» አልኩ።

«እንዳትነኪው! ብርሃን ካገኘው ይሞታል።»

ይህን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። እናቴ ቆርቆሮው ውስጥ አለች፤ የምትሞተው ብርሃን ሲያገኛት ነው፤ ያን ጊዜም የሞተችው አንድ ሰው ሳይጠነቀቅ መስኮት ከፍቶባት ነው። ማን ሊሆን ይችላል? በየማለዳው ተነስታ መስኮት የምትበረግደው እትዬ አስካለ ናታ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ስትከፍት እኔ እዘጋለሁ። «ይህች ልጅ ምን ነካት?» እያለች ጠበል ልትወስደኝ ሁሉ አስባ ነበር።

ጋሽ ባርጋን ነጋ ጠባ ወተወትኳቸው። እሳቸውም ለካ ሰበብ ነው የፈለጉት፤ በስተመጨረሻ «የፈረንጅ እጅ አልጠብቅም፣ ራሴ አጥበዋለሁ» ብለው ተነሱ። ፎቶ አንሺው ተሾመ የጉርድ ፎቶ የሚያጥብባት ጠባብ ጨለማ ክፍል ነበረችው። ከሳሙና ሳጥን እንጨት ጥርስ ጥርስ ያለው የፊልም መጠምጠሚያ አሠሩ። የእኔ ሥራ ውሃ ነበር። በክረምት የመቱ ቧንቧ ጭቃ ነው የሚተፋው፤ ስለዚህ ከምንጭ በጀሪካን እየቀዳሁ፣ በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ አመጣለሁ። ዝናቡ ከላይ፣ ጀሪካኑ ከታች እየመቱኝ ዳገቱን ስወጣ አንድም ቀን ደከመኝ አላልኩም። እትዬ አስካለ ለሱቁ መጥረጊያ መስሏት ጋሽ ባርጋን «ልጄን ገረድ አደረጋት» እያለች ታማቸዋለች።

የሚታጠብበት ቀን ክፍሏ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። በበሩ ስንጥቅ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ሽታው እንደ ሆምጣጤ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ውስጥ ጋሽ ባርጋና ተሾመ በጨለማ ይነታረካሉ። «ቀስ በል!» «እርስዎ ቀስ ይበሉ፣ እግሬ ነው!» ፊልሙን ከሳፋ ወደ ሳፋ ሲያዛውሩት ውሃ ይንቦጫረቃል። እኔ እናቴን በርዷት እንደሆነ አስባለሁ።

ፊልሙ ሱቁ ውስጥ ከወዲህ ወዲያ በገመድ ላይ ተሰቅሎ፣ እትዬ ፋንታዬ ከሥሩ ከሰል እያነደዱ በስንት መከራ ደረቀ። ጋሽ ባርጋ ክር ወጥረው በልብስ መቀሳቸው ከመሀል ለሁለት ሰነጠቁት፤ ሲሰነጥቁ ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን የያዘ ይመስል ነበር። ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ሰው አለ፤ ፊቱ ግን ከምስር ፍሬ አይበልጥም።

«ጋሽ ባርጋ፣ ይሄ ገና ኔጌቲቭ ነው» አለ ተሾመ። «ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ውጭ አገር ያሉት ገልብጠው ነው የሚልኩልዎት፤ እኛም እንደ ፎቶው ሌላ ፊልም ላይ መገልበጥ አለብን። አዲስ አበባ ሰው ልከን ባዶ ፊልም እናስመጣ።»

«መቼ ሊመጣ?»

«ለገና ቢደርስ ነው።»

«ሰፈሩን ጠርቻለሁ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ባርጋ። «ዘንድሮ ለመስቀል አገሬ ያልወረድኩት ለምን ይመስልሃል? ወንድሞቼ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ለሰው እነግረዋለሁ፣ ሰው አእምሮ አለው፣ በልቡ ይገለብጠዋል።»

እዚህ ላይ በጋሽ ባርጋም እናደዳለሁ። ያን ያህል ዓመት ጠብቀው፣ እስከ ገና መጠበቅ አቃታቸው! ጉራ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ እንኳን እስከ ገና፣ እስከ ነገም አልጠብቅም ነበር፤ ግን እኔ ልጅ ነኝ።

ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቡና ነጋዴ በፈቀዱልን መጋዘን ተሰበሰብን። መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፍነዋል። ሴቶቹ የቡና ከረጢት ላይ፣ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አቶ ደምሴ የእድር ዳኛ ናቸውና ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። አባቴ ከቡሬ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። እትዬ አስካለ ራሷን ፊልም ላይ ልታይ ነው፤ ፀጉሯን ተሠርታ መጥታለች። እናቴም ፊልሙ ላይ እንዳለች የነገራት የለም።

ጋሽ ባርጋ ንግግር አደረጉ። ስለ ካሜራው፣ ስለ ራሳቸው፣ እንደገና ስለ ካሜራው። ስለ ነጩና ስለ ጥቁሩ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉም ማሽኑ መንጫጫት ስለጀመረ ማንም አልሰማቸውም።

አቡጀዲው ላይ ጥቁር ሰማይ ወጣ። ከሥሩ የሴቶች ሰልፍ ታየ፤ ሁሉም ተገትረዋል። ፊታቸው አመድ የተነፋበት ይመስላል፣ ፀጉራቸው ነጭ ነው። የጥምቀት ነጭ ቀሚሳቸውና ነጠላቸው ደግሞ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ሆኗል።

«ከል ነው!» አለች አንዲት ሴት። «ከል አልብሶናል!»

«ያ ዋቃ! ኩን ማሊ?» አሉ ከያዮ ማር እያመጡ የሚሸጡት አዴ ጫልቱ፤ አምላኬ፣ ይሄ ምንድነው ማለታቸው ነው። አሮጊቷ ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ራሳቸውን ፊልሙ ላይ ለይተው አውቀው አማተቡ። አንዷ ልጇን ጭኗ ውስጥ ደበቀች፣ ሌላዋ ደረቷን እየደቃች «ማንን ሊቀብርብን ነው?» ትላለች። ጋሽ ባርጋ ከማሽኑ ኋላ ሆነው፣ «ነጭ ነው! ነጭ የነበረው ነው! በልባችሁ ገልብጡት!» እያሉ ይጮኻሉ። ማን ሰምቷቸው።

በዚህ መሀል ካሜራው ወደ ሰልፉ ጫፍ ዞረ። እዚያ ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማለች። እሷም ፀጉሯ ነጭ ነው። እናቴ ቆርቆሮው ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ስትጠብቀኝ ያረጀች መሰለኝና አሳዘነችኝ። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዘዝ አደረገች፣ አፏ ተንቀሳቀሰ፣ ጉንጯ ወደ ላይ ሄደ፣ ሳቀች። ወገቧን ፈንጠር አድርጋ ልጅቷን አስተካከለቻት። ያች ልጅ እኔ ነኝ፤ ያስተካከለችው እኔን ነው። ጀርባዋ ሲነሳ ሆዴ ውስጥ ታወቀኝ።

አባቴ ከበሩ ተነስቶ በሰው መሀል እየተደነቃቀፈ ወደ አቡጀዲው ሄደ። እጁን ዘርግቶ ነበር። ጥላው ግን ከእሱ ቀድሞ ደረሰና ግማሽ ፊቷን ሸፈነው።

ከዚያ እትዬ አስካለ ብድግ ብላ አቡጀዲውን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። «ዺሳ! ተዉ! ልጅቷ ትይ!» ብለው ጮኹ አዴ ጫልቱ። እሳቸው ብቻ ናቸው ለእኔ የተናገሩት፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ጨርቁ ወረደ። ማሽኑ አልቆመምና እናቴ እትዬ አስካለ ጀርባ ላይ፣ በቀሚሷ አበባዎች መሀል ጥቂት ሳቀች። በኋላ ሰው በሩን በረገደው፣ ብርሃን ገባና ጠፋች።

ነገሩ በጩኸት ብቻ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን እማማ ብርቄ ሞቱ። እማማ ብርቄ ከዓመት በፊት ጀምሮ አልጋ ላይ ነበሩ! ሳላቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ ለፊልሙም ቢሆን በሁለት ሰው ተደግፈው ነው የመጡት። ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ሆኖም ለቅሶው ላይ ወሬው ሌላ ሆነ። «ከል አልብሷቸው አልነበር? ይኸው።» «ቀጥሎ ማን ይሆን?» ተባለ። ከዚያ አንዱ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ የወሬዎችን ሁሉ ንጉሥ አመጣ፤ ጋሽ ባርጋ ጥቁር ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ገበያው ስለቀዘቀዘባቸው ሰፈሩ ላይ አሟረቱበት።

የእድሩ ስብሰባ ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር ተደረገ። እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን እንሰማለን።

«አቶ ባርጋ» አሉ አቶ ደምሴ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «በቁማችን ከል አልብሰኸናል። ሕዝቡ ተሸብሯል። ፊልሙን አስረክብና ይወገድ።»

«ለብርቄ ልጆች ጥቁሩን ጨርቅ በነጻ የቀደድኩላቸው እኔ አይደለሁም?» አሉ ጋሽ ባርጋ። «ተሾመን ጠይቁት! የእናንተም የመታወቂያ ፎቶ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚወጣው። የአንተም ደምሴ፣ የአንተም ራስ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነጭ ነው!»

ተሾመ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩት። መሬት መሬት እያየ፣ «ፎቶ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው» አለ። ደንበኞቹን ፈርቶ ነው። ደንበኞቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ።

«ወይ ፊልሙን፣ ወይ እድሩን» አሉ አቶ ደምሴ።

ከእድር መባረር ምን ማለት እንደሆነ መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም። የጋሽ ባርጋ ወንድሞች ጉራጌ አገር ናቸው፤ መቱ ላይ ድንኳን የሚተክልላቸው፣ ቃሬዛ የሚሸከምላቸው ያ ዋርካ ሥር የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። እትዬ ፋንታዬ ከሴቶቹ መሀል ሆነው «ስጣቸው ባርጋዬ፣ ስጣቸው» እያሉ ያለቅሳሉ። ጋሽ ባርጋ አባቴን ፈልገው አዩት። አንድ ቃል እንዲናገር ነው የጠበቁት፤ «ሚስቴ ናት፣ ለእኔ ይሁን» ቢል ይበቃ ነበር። አባቴ መሬቱን በጫማው ጫፍ ይቆፍር ነበር።

አቃጠሉት። ፊልም መቼም እንደ ወረቀት በወጉ አይነድም፤ ተኮማተረ፣ ተንጨረጨረ፣ ጥቁር ጭሱ ዓይን የሚያቃጥል ሆኖ በእድሩ ጓሮ ተንጠለጠለ። በአጥሩ ዘልዬ ስሮጥ እትዬ አስካለ ወገቤን ይዛ አስቀረችኝ። እግሬን እያወራጨሁ «እናቴ ናት! እናቴ ናት!» እላለሁ።

«አይደለችም!» አለች ጆሮዬ ሥር። «እናትሽ ጠይም ቆንጆ ነበረች። ያ ጭራቅ ነው፣ እሷን በምኗም አይመስልም። ለአንቺ ብለን ነው።»

ስለ እናቴ መልክ ከሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፤ ጠይም ቆንጆ። ፊልሟ እየነደደ ነው የተነገረኝ።

በማግስቱ አባቴ መኪናውን ሲያሞቅ ሄጄ የሚወጣበት ደረጃ ላይ ተንጠለጠልኩ። «አባዬ፣ እሷ ነበረች?» አልኩት።

«እትዬሽ ያለችሽን ስሚ» አለኝና ወደ ቡሬ ነዳ።

ጋሽ ባርጋ ከዚያ በኋላ ካሜራዋን አልነኩም። እሁድ ሲሆን ሱቃቸውን ክፍት አድርገው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ደጅ ደጁን ያያሉ። እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ያ ቁጡ ሰውዬ ለኔ ቁጣ እንኳ አጠራቸው።

እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት ይዤው የኖርኩትን ንዴት ይዤ ነው ባለፈው ሰኔ ከአቶ ደምሴ ድንኳን የወጣሁት። እትዬ አስካለ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ለቅሶውን አልደረሰችም፤ ቤቷ ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። ስለ ድንኳኑ ጠየቀችኝ፣ ስለ ቴሌቪዥኑም ነገርኳት። «ጎሽ» አለች። «ልጆቹ ይጽናኑበታል።»

ይጽናኑበታል! እዚያው ፊት ለፊቷ፣ ነጩን ነጠላዬን እንደ ተከናነብኩ፣ ስልኬን አውጥቼ ራሴን ፎቶ አነሳሁ። ስልክ የፎቶን ቀለም መገልበጥ እንደሚችል ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ሞክሬው ግን አላውቅም ነበር፣ እፈራ ነበር። ያን ቀን ንዴቱ ድፍረት ሰጠኝ። በአንድ ጣቴ ነካሁት። ነጠላዬ ጠቆረ፣ ፊቴ ነጣ፣ ፀጉሬ በረዶ መሰለ። ጋሽ ባርጋ እስከ ገና መጠበቅ ያቃታቸው፣ አንድ ሰፈር ሕዝብ በልቡ ማድረግ የተሳነው ነገር ይህን ያህል ነው።

ስልኩን ለእትዬ አስካለ ሰጠኋት። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው።

«የሺ!» አለች። ስሟን ስትጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «የሺዬ… እሷ ናት እኮ! ከየት አገኘሽው? ልጄ፣ ከየት አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም፣ እትዬ» አልኳት። «አቃጥላችሁታል።»